ዋሽንግተንን በጆሮ ስለ መጎብኘት

ወደ ዋሽንግተን ከተማ ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ያገራችን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየው ነገር የታወቀ ነው። ነጩን ቤተ መንግሥት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይመለከታል፤ የምክር ቤቱን ጉልላት ያደንቃል፤ በጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ሥር ፎቶግራፍ ይነሣና ወደ ማደሪያው ይመለሳል። ይህን የሚያህል ነጭ ድንጋይ ባንድ ስፍራ ቆሞ ማየት በእውነቱ የሚያስደንቅ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ዳሩ ግን ሙዚቃ ለሚወድ ሰው፥ ይልቁንም እንደ እኔ ዕድሜው ገፍቶ ከዓይኑ ይልቅ ጆሮው ለሚያገለግለው፥ በዚህች ከተማ ውስጥ ሌላ ከተማ አለች። እርሷም የምትጎበኘው በአዳራሾችዋ፥ በደረጃዎችዋና በመንገድ ማዕዘኖችዋ ላይ ማን እንደ ዘመረ፥ ማንስ እንዳይዘምር እንደ ተከለከለ፥ ድምፁንም ምን ዓይነት መሣሪያ ወደ ሕዝቡ እንዳደረሰው በመጠየቅ ነው።

አሜሪካኖች ስለ ፖለቲካቸው ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ በምክር ቤት የተነገረውንና በጋዜጣ የተጻፈውን ያነሣሉ። እኔ ግን ያገሩን ፖለቲካ የተማርሁት ከንግግሩ ይልቅ ከሙዚቃ አዳራሾቹ ደጃፍ ላይ ይመስለኛል። ማን በየትኛው በር ገባ፥ ማንስ በየትኛው ወንበር ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ በዚያ ስፍራ ሊሸሸግ አይችልምና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ጉብኝቱን ከምሥራቅ በኩል መጀመር ይሻላል። ከምክር ቤቱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የማሪን ጦር የቆየ ሰፈር አለ። የማሪን የሙዚቃ ጓድ በ1798 በምክር ቤት ሕግ የተቋቋመ ሲሆን በ1801 ቶማስ ጄፈርሰን የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ሲረከቡ ተጫውቷል፤ እስከ ዛሬም «የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው» እየተባለ ይጠራል። በእኛ ክረምት፥ በእነርሱ በጋ፥ ጓዱ ለሕዝብ ያለ ገንዘብ ስለሚጫወት ልጆችን ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ቤተ ሰብ ከዚህ የተሻለ ምሽት አይገኝም።

ከዚሁ ሰፈር አጠገብ በ1854 ጆን ፊሊፕ ሱዛ ተወለዱ። አባታቸው በጓዱ ውስጥ ትሮምቦን ነፊ ነበሩ፤ ልጁም በ13 ዓመታቸው ተለማማጅ ሆነው ገቡ፤ ከ1880 እስከ 1892 ድረስም የጓዱ መሪ ሆኑ። የማርሽ ሙዚቃን በዓለም ያስከበሩ ሰው መሆናቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን በ1906 ከዚያው ከምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ድምፅ በሚቀርጸው መኪና ላይ የተናገሩትን ነው። ልጅ ሳሉ በበጋ ምሽት በየቤቱ ደጃፍ ወጣቶች ተሰብስበው ሲዘፍኑ ይሰማ እንደ ነበረ፥ አሁን ግን በዚያ ፈንታ ቀንና ሌሊት የሚጮኸው መኪናው እንደ ሆነ አመለከቱ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የሰው ልጅ የድምፅ አውታሩን ሳይቀር ያጣዋል ሲሉም አስጠነቀቁ።

በዚህ አቤቱታ ውስጥ የገንዘብ ጉዳይም ነበረበት። የሸክላ ኩባንያዎች የደራሲውን ዜማ ወስደው ሲሸጡ ለደራሲው ሳንቲም አይከፍሉም ነበርና። በ1909 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም እንዲከፈል አዘዘ። የሚያስገርመው ግን ሱዛ የመሩት የማሪን ጓድ ራሱ ዜማውን በሰም ላይ እየቀረጸ ከሸጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ ነው፤ ገዢውም ስሙን ከዚያው ከኮሎምቢያ አውራጃ ያገኘው የኮሎምቢያ ኩባንያ ነበር።

እኔ ሱዛ ግማሹን እውነት ተናግረዋል ባይ ነኝ። ድሮ በሠርግ ቤት እናቶች ከበሮ ይዘው ሌሊቱን ሲያዜሙ ያደግን ሰዎች፥ ዛሬ ያው ዜማ ከሣጥን ሲወጣና እናቶቹ ዝም ብለው ሲቀመጡ ስናይ፥ የሽማግሌው ፍርሃት ባዶ እንዳልነበረ እናውቃለን። ግማሹ ግን ስሕተት መሆኑን ለማየት ከሰፈሩ ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

ከምክር ቤቱ ጀርባ ባለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት፥ ማለት በላይብራሪ ኦፍ ኮንግረስ ውስጥ፥ ወደ 500 ሰው ብቻ የሚይዝ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ አለ። ይህን አዳራሽ ኤልሳቤጥ ስፕራግ ኩሊጅ የተባሉ ወይዘሮ 60,000 ዶላር ሰጥተው በ1925 አሠርተውታል። መንግሥት እንዲህ ያለውን ስጦታ የሚቀበልበት ደንብ ስላልነበረው ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ስጦታ ተቀባይ ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። በ1935 ደግሞ ገርትሩድ ክላርክ ዊታል የተባሉት ሌላ ወይዘሮ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ የተባለው የኢጣልያ ጠቢብ የሠራቸውን ሦስት ቫዮሊኖች፥ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ሰጡ። የስጦታው ዐላማ ዕቃዎቹ በመስታወት ውስጥ ሆነው እንዲታዩ ብቻ ሳይሆን በአዳራሹ እንዲመቱ ነበር። ይህን የወይዘሮዋን ሐሳብ እጅግ አከብራለሁ። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው እንጨት የሚናገረው ሰው ሲነካው ነው እንጂ ሲያየው አይደለምና።

በዚሁ አዳራሽ በ1938 በሜይ ወር ሌላ ነገር ተደረገ። ጄሊ ሮል ሞርተን የሚባሉት የኒው ኦርሊንስ ፒያኖ ተጫዋች፥ በወጣትነታቸው የጃዝ ሙዚቃን ከደረሱት ሰዎች አንዱ የነበሩ፥ በዚያን ጊዜ ተረስተው በዋሽንግተን ዩ ስትሪት በተባለው መንገድ በአንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ይጫወቱ ነበር። አለን ሎማክስ የተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ወጣት ሠራተኛ ከዚያ አምጥቶ ከአዳራሹ ታላቅ ፒያኖ ፊት አስቀመጣቸውና የድምፅ መቅረጫውን ከፈተ። ሰውዬው እየመቱ፥ እየዘፈኑ፥ እያወሩ ያገራቸውን ሙዚቃ አመጣጥ፥ የቀብሩን ሰልፍ፥ የቁማርተኛውንና የዘፋኙን ኑሮ ሁሉ ዘረዘሩ። የተቀረጸው ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። በ1941 ሞቱ፤ ያ ሸክላ ባይኖር ኖሮ የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ይቀበር ነበር። እንግዲህ ሱዛ የፈሩት መኪና፥ ሱዛ ከተወለዱበት ሰፈር በእግር በሚደረስበት ስፍራ፥ ይህን ውለታ ውሏል።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ምዕራብ፥ ከነጩ ቤተ መንግሥት ማዶ ወዳለው ወደ ኮንስቲትዩሽን ሆል እንሻገር። ይህን አዳራሽ በ1929 ያስከፈተው፥ ቅድመ አያቶቻቸው ለአሜሪካ ነጻነት የተዋጉ ወይዛዝርት የመሠረቱት ማኅበር ነው። ወደ 3,700 ሰው ይይዛል፤ የከተማው ታላቅ የሙዚቃ ጓድም እስከ 1971 ድረስ ይጫወት የነበረው በዚሁ ነው። የማኅበሩ አባላት የዘር ሐረጋቸውን የሚቈጥሩ የተከበሩ ሴቶች ናቸው። የዘር ሐረግ መቍጠር እኛም የምናውቀው ልማድ ስለ ሆነ በዚህ አልነቅፋቸውም። የሚነቀፈው፥ በአዳራሹ የኪራይ ውል ላይ ነጭ ያልሆነ ሙዚቀኛ እንዳይቆምበት የሚከለክል ቃል አግብተው መቆየታቸው ነው።

በ1939 የሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማሪያን አንደርሰንን ለማዘመር አዳራሹን ለመከራየት ጠየቀ። ማሪያን አንደርሰን በ1897 በፊላደልፊያ ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ሲሆኑ፥ ኮንትራልቶ በሚባለው ዝቅ ባለው የሴት ድምፅ በኤውሮፓ ታላላቅ አዳራሾች ዘምረው የተጨበጨበላቸው ነበሩ። ማኅበሩ ከለከለ። የከተማው የትምህርት ቦርድም የነጮቹን ትምህርት ቤት አዳራሽ እንዲሰጥ ቢጠየቅ አዳራሹን በቀላሉ ሊፈቅድ አልወደደም። በኤውሮፓ የተከበረ ድምፅ ባገሩ ዋና ከተማ የሚያርፍበት ጣራ አጣ።

የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት የማኅበሩ አባል ነበሩ። በፌብሯሪ ወር የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ፤ በየዕለቱ በጋዜጣ በሚጽፉትም ዐምድ፥ የማኅበሩን ስም ሳይጠሩ፥ አባል ሆኖ መቀጠል ሥራውን መደገፍ መስሎ ስለ ታያቸው መውጣታቸውን አስታወቁ። እኔ በዚህ የማደንቀው ጨዋነቱን ነው፤ ስድብ የለበትም፥ ስም እንኳ የለበትም፥ ነገር ግን ያላነበበው ሰው አልነበረም። ከዚህ በኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ በመሥሪያ ቤታቸው ሥር የሚገኘውን የሊንከንን መታሰቢያ ደረጃ ፈቀዱ።

ከኮንስቲትዩሽን ሆል እስከ ሊንከን መታሰቢያ በእግር ቢሄዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህን መንገድ በእግር መሄድ ለጎብኚ ሁሉ እመክራለሁ፤ አንድ አገር ከነውሩ ወደ ክብሩ ለመድረስ የሄደበትን ርቀት በገዛ እግር ለመለካት ይረዳልና። መታሰቢያው 36 ዓምዶች አሉት፤ ሊንከን በሞቱ ጊዜ በኅብረቱ ውስጥ የነበሩት ግዛቶች ቍጥር ነው። በውስጡ የተቀመጠው የሊንከን ምስል 19 ጫማ ከፍታ አለው። ባሮችን ነጻ ላወጡት ሰው የተሠራው ይህ ቤት በ1922 ሲመረቅ የመጡት ጥቁር እንግዶች ተለይተው በሌላ ስፍራ እንዲቀመጡ መደረጋቸውን ግን በደረጃው ላይ ፎቶግራፍ ከሚነሡት ስንቱ ያውቀዋል?

ቀኑ ኤፕሪል 9 ነበር፤ በኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓመተ ምሕረት። በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካና የኛ ፋሲካ ባንድ ቀን ውለዋል፤ አገራችን ግን በዓሉን ያሳለፈችው በጠላት እጅ ሆና ነው። በዋሽንግተን ብርድ ስለ ነበረ ማሪያን አንደርሰን የጠጕር ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ወደ ደረጃው ብቅ አሉ። ከፊታቸው ከደረጃው ሥር አንሥቶ በውሃው ዳር ድረስ ጥቁርና ነጭ ተደባልቆ የቆመ 75,000 ሕዝብ ነበረ። መጀመሪያ ያገሩን መዝሙር፥ ቀጥሎ የዶኒዜቲን የኢጣልያ ዜማ፥ ከዚያም የሹበርትን አቬ ማሪያ፥ በመጨረሻም የጥቁር አሜሪካውያንን መንፈሳዊ ዜማዎች ዘመሩ። ንግግር አላደረጉም፤ አንድ የወቀሳ ቃልም አልወጣቸውም።

አሁን ወደ መኪናው ነገር ልመለስ። በፎቶግራፉ ላይ ከወይዘሪቷ ፊት የማይክሮፎኖች ረድፍ ይታያል። ያለ እነርሱ ድምፃቸው ወደ ሰማይ በኖ ይቀር ነበር፤ ከ3,700 ወንበር የተባረሩት ሴት በ75,000 ሰው ፊት ሊዘምሩ የቻሉት በድምፅ ማጉያ ነው። ከዚያም አልፎ የኤን ቢ ሲ ሬዲዮ በአገሩ ሁሉ ላሉ ሚሊዮኖች አሰማው። በሩ የከለከለውን ሽቦው ፈቀደ። ማኅበሩም በ1943 ለጦርነቱ ጊዜ ርዳታ በተደረገ ምሽት ማሪያን አንደርሰንን ወደዚያው አዳራሽ ጋበዘ፤ እርሳቸውም ተመልካቹ በዘር ሳይለይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ዘመሩ። ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኘው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ግድግዳ ላይ የ1939ኙን ሕዝብ የሚያሳይ ሥዕል ተሥሏል። ሠዓሊው ዘማሪቱን ሳይሆን የሰማውን ሕዝብ ሥዕል ማብዛቱ አስተዋይነት ነው።

በዚያው ደረጃ ላይ በ1963 ኦገስት 28 የተደረገውን ታላቅ ሰልፍ የማያውቅ የለም። 250,000 ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስለ ሕልማቸው የተናገሩበት ቀን ነው። የሰልፉ አዘጋጅ ባያርድ ረስቲን ከሁሉ አስቀድመው የተከራከሩት ስለ ድምፅ ማጉያው ነበር። ከሩቅ የቆመ ሰው ካልሰማ ይሰለቻል፥ ከሰለቸ ይንቀሳቀሳል፥ ሲንቀሳቀስም ጠብ ይነሣል ብለው ስላሰቡ፥ ገንዘቡ ቢከብድም እጅግ የተሻለው እንዲመጣ አደረጉ። በሰልፉ ዋዜማ ግን መሣሪያው ተበላሽቶ ተገኘ፤ ያበላሸው ሰው ሆን ብሎ ነው። አዘጋጆቹ ወደ መንግሥት ቢጮኹ የጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ባለሙያዎች ሌሊቱን ሠርተው ጠገኑት። ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው ደግሞ የመንግሥት ሰው ከመሣሪያው አጠገብ ሆኖ፥ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ሕዝቡን ለብጥብጥ የሚያነሣሣ ቢሆን ድምፁን ቆርጦ የማሃሊያ ጃክሰንን የመዝሙር ሸክላ እንዲያሰማ መታዘዙ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ጥቂት ያስቡበት። አንድ መንግሥት ሕዝቡ እንዲሰማ መሣሪያውን ይጠግናል፤ ያው መንግሥት ጣቱን ከማጥፊያው ላይ አያነሣም። የአሜሪካንን ፖለቲካ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ሸክላው አላስፈለገም፤ ማሃሊያ ጃክሰን ራሳቸው በሥጋ ቆመው ዘምረዋልና። ማሪያን አንደርሰንም በዚያ ቀን፥ ከ24 ዓመት በኋላ፥ እንደ ገና ከዚያው ደረጃ ላይ ተሰምተዋል።

ከመታሰቢያው በስተ ሰሜን፥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፥ በፕሬዚዳንት ኬነዲ ስም የተሠራው ታላቅ የኪነ ጥበብ ማዕከል ይታያል። ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም። በ1971 ሴፕቴምበር በሌናርድ በርንስታይን ድርሰት ሲከፈት፥ ድርሰቱ በቬትናም የሚደረገውን ጦርነት የሚነካ ነገር ይኖርበታል ተብሎ ስለ ተፈራ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልተገኙም። በ2025 ፌብሯሪ ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የቦርዱን አባላት ከፊሎቹን አሰናብተው ራሳቸው ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ዝግጅታቸውን ሰረዙ። ፕሬዚዳንት ከሙዚቃ አዳራሽ ቢቀር የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ወንበሩን ሲረከብ ግን ሁሉም ከወንበሩ ይነሣል። ሙዚቀኞቹም ቢሆኑ አዳራሽ ባዶ መተዋቸው ሁልጊዜ የተሻለ መንገድ ይሁን አይሁን ያከራክራል፤ ማሪያን አንደርሰን ከከለከላቸው ማኅበር አዳራሽ ተመልሰው መዘመራቸውን አስታውሳለሁ።

በዚህች ከተማ አዳራሾች ስመላለስ የታዘብሁትን ሌላ ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። መብራት ደብዝዞ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት፥ ከፊቴ ያለው ረድፍ ሁሉ የእጅ ስልኩን ከፍ ያደርጋል። ሰውዬው በሥጋ ከፊታቸው ቆሞ ሳለ በመዳፋቸው ውስጥ ባለው ትንሽ መስታወት ያዩታል። ስልክን አልጠላም፤ ልጆቼን በባሕር ማዶ የማየው በእርሱ ነው። ነገር ግን የ1939ኙ ማይክሮፎን አንዱን ድምፅ ለሰባ አምስት ሺህ ሰው አካፈለ፤ ይህ ደግሞ አንድ ሺህ ሰው የሚሰማውን ድምፅ ሺህ ቦታ ቆራርጦ በየኪሱ ይከተዋል። አንዳንድ ዘፋኞች ስልኩ በሚቆለፍ ከረጢት ገብቶ እስከ መጨረሻው በባለቤቱ እጅ እንዲቆይ ማድረጋቸውን ወጣቶቹ እንደ ግፍ ቢቈጥሩትም እኔ እደግፈዋለሁ። በእነዚያ ምሽቶች ሰው ጭብጨባውን በሁለት እጁ ያጨበጭባል።

አሁን ወደ ሰሜን፥ ጄሊ ሮል ሞርተን ወደ ነበሩበት ወደ ዩ ስትሪት እንውጣ። ጥቁሮች ወደ መካከለኛው ከተማ ቲያትር ቤቶች እንዳይገቡ በተከለከሉበት ዘመን የራሳቸውን በዚህ ሠርተው ነበር። ሆዋርድ ቲያትር በ1910፥ ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈቱ። በ1899 በዚህች ከተማ የተወለዱት ኤድዋርድ ኬነዲ ኤሊንግተን፥ ዱክ የተባሉት፥ ያደጉት በዚሁ አካባቢ ነው። አባታቸው አልፎ አልፎ በነጩ ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ በአስተናጋጅነት ይሠሩ ነበር፤ ልጃቸው 70 ዓመት በሞላቸው ቀን በ1969 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዚያው ቤተ መንግሥት የክብር ኒሻን ሰጧቸው። በ1973 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ልኳቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እጅ ኒሻን ተቀበሉ። በተከታዩ ዓመት በሜይ ወር ዐረፉ።

ይህ ሰፈር በ1968 ዶክተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ተቃጥሎ ብዙ ዘመን ባድማ ሆኖ ቆየ። ባዶውን ሱቅ ተከራይተው እንጀራ መጋገርና ቡና ማፍላት ከጀመሩት ውስጥ ያገራችን ስደተኞች ይገኙበታል፤ በ9ኛው መንገድ ላይ ዛሬም ያማርኛ ጽሕፈት ያለባቸው ቤቶች ይታያሉ። ከዛሬ 20 ዓመት ገደማ በፊት አንዳንድ ወገኖቻችን ያን ስፍራ መንግሥት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ እንዲሰይመው ጠይቀው ነበር። የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ፤ አባቶቻቸው በመገፋት ዘመን ያቀኑት፥ ኤሊንግተን ያደጉበት ቦታ በእንግዳ ስም እንዳይጠራ ነው። ወገኖቼ ቢቀየሙኝም በዚህ ነገር እውነቱ ከእነርሱ ጋር ይመስለኛል። እንጀራ የበላንበት ቤት ባለቤት ስም አለው።

በዚሁ ሰፈር የሚሰማው የከተማው የራሱ ሙዚቃ ጎ ጎ ይባላል። አባቱ በ2012 የሞቱት ጊታር መቺው ቻክ ብራውን ናቸው። ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ዘፈኑ አለቀ ተብሎ አይቆምም፤ ከበሮዎቹ ካንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ድልድይ ሆነው ያለ ዕረፍት ይቀጥላሉ፤ ጨፋሪው እንዳይቀመጥ የታሰበ ብልኀት ነው። መሪው ደግሞ ከመድረክ ሆኖ ከሕዝቡ መካከል ያሉትን በስማቸውና በሰፈራቸው ይጠራል፤ እነርሱም ይመልሳሉ። አዝማሪ እንግዳውን ዓይቶ ስሙን ከነአባቱ በግጥም ሲያነሣና ተቀባዩ ሲመልስ ላደገ ሰው ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በዚህም ምክንያት ጎ ጎ የሸክላ ቤት ሙዚቃ ሊሆን አልቻለም። ሰው የሚፈልገው ትናንት ማታ የተጫወቱትን፥ ስሙ የተጠራበትን ስለ ነበር፥ ምሽቱ ከድምፅ ማጉያው በቀጥታ በካሴት ተቀርጾ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ነበር። ሱዛ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበረ አላውቅም፤ መኪናው ሰውን ከዘፈን ያስወጣዋል ብለው ነበርና።

በ7ኛው መንገድና በፍሎሪዳ ጎዳና አጠገብ አንድ የእጅ ስልክ መሸጫ ሱቅ ከ1995 ጀምሮ ጎ ጎን በደጁ ባለ ድምፅ ማጉያ ያሰማ ነበር። በ2019 ኤፕሪል፥ አዲስ በተሠራ ፎቅ ቤት ከሚኖሩት አንዱ ጩኸቱን ስለ ከሰሱ፥ የሱቁ የበላይ ኩባንያ ሙዚቃው እንዲጠፋ አዘዘ። ወሬው በስልክ ባንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ማዕዘኑ ወጣ፤ የጎ ጎ ጓዶችም መንገድ ላይ ቆመው ሌሊት ድረስ ተጫወቱ። ኩባንያው ቶሎ ብሎ ትእዛዙን አነሣ። በ2020 ፌብሯሪም ከንቲባዋ ሙሪየል ባውዘር ጎ ጎ የከተማው ሙዚቃ እንዲሆን የተወሰነውን ሕግ ፈረሙ።

ነገሩ ስለ ጩኸት ብቻ እንዳልነበረ ማስተዋል ይገባል። የዋሽንግተን ነዋሪ ግብር ይከፍላል፥ ለጦርነትም ይዘምታል፤ ነገር ግን በከተማው መካከል በቆመው በዚያ ታላቅ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ የለውም። ፕሬዚዳንት እንዲመርጥ እንኳ የተፈቀደለት በ1961 በተጨመረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሆን መጀመሪያ የመረጠውም በ1964 ነው። ቤት ኪራይ እየናረ የቆየው ሰው ከሰፈሩ ሲለቅ የሚጠይቀው አላገኘም። ሙዚቃው ሲጠፋ ግን ጸጥታውን ሁሉም ሰማው።

ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ የጎ ጎን ምሽት ሊሰማ ቢወድ ከሌሊቱ አራት ሰዓት በፊት ባይሄድ ይሻላል፤ ቶሎ አይጀምሩም። ጥጥ ለጆሮው ይያዝ። ከፊት ለፊት አጠገብ ከቆመም ስሙንና የመጣበትን አገር ጮክ ብሎ ለመናገር ይዘጋጅ፤ መሪው ከመድረክ ላይ ሆኖ ይጠይቀዋልና።